ዶክተር መላኩ በያን፤ ሕይወታቸውና ያረፉበት የሳንባ ምች

ዶክተር መላኩ በያን ሚያዝያ 26 ቀን 1932 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በስደት ላይ ሳሉ በሳንባ ምች ዐረፉ። ዕድሜያቸው ገና አርባ ነበር። ጠላት አዲስ አበባን ከያዘ አራት ዓመት ሊሞላው የቀረው አንድ ቀን ሲሆን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው ወደ መናገሻ ከተማቸው እስኪገቡ ደግሞ አንድ ዓመት ከአንድ ቀን ይቀር ነበር። ስለ እርሳቸው የጻፉ ሁሉ የአገር ፍቅራቸውን፣ ለጥቁር ሕዝብ አንድነት የነበራቸውን ጽኑ እምነት፣ በጋዜጣና በመድረክ ያደረጉትን ትግል በሰፊው ያወሳሉ። ይህም የሚገባ ነው። የሞቱበት ሕመም ግን ብዙውን ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። ሟቹ ሐኪም፣ አንባቢዎቹም የሕክምና ባለሙያዎች በሆኑበት ገጽ ላይ ያ ዐረፍተ ነገር ዘርዘር ብሎ ቢታይ የሚከፋ አይሆንም።

መላኩ የተወለዱት በ1892 ዓ.ም. በወሎ ነው። አባታቸው ግራዝማች በያን፣ እናታቸው ወይዘሮ ደስታ ይባላሉ። ወሎ በኋላ ዘመን ሰቆጣን ዋና ከተማው ያደረገውን የዋግን አውራጃ ጭምር ያጠቃለለ ሰፊ ጠቅላይ ግዛት ነበር፤ ዋግ ራሱን የቻለ የኽምራ ብሔረሰብ ዞን ሆኖ በአማራ ክልል የተዋቀረው ከዚያ በኋላ ነው። የዚህ ሁሉ ደጋ ጠባይ አንድ ነው፤ ሌሊቱ ብርድ፣ ቀኑ ፀሐይ። ሰቆጣ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ12 ዲግሪ ተኩል ገደማ፣ ከባሕር ወለል ከ2200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በግምት 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ በዚያ ተራራ ላይ ጥቂት ጊዜ ከሜዳ የዋለ ሰው፣ ቆዳው የቱንም ያህል ቢጠቁር፣ በየትኛውም ወር ለአጥንቱ የሚበቃውን ቪታሚን ዲ ሊሠራ ይችላል። የኢትዮጵያ ደገኛ ጥቁር ቆዳ እንዲህ ላለው ፀሐይ የተበጀ ነው። ይህ ነገር በኋላ ስለሚያስፈልግ ከወዲሁ ልብ ሊባል ይገባል።

ሕፃኑ መላኩ በወሎ ብዙ አልቆዩም። በልጅነታቸው ወደ ሐረር ተወስደው በራስ መኰንን ቤት አካባቢ አደጉ፤ ለአቅመ አዳም ሲቃረቡም የደጃዝማች፣ በኋላም የራስ ተፈሪ ቤተሰብ ሆኑ። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ሲመታ አሥራ ስምንት ዓመታቸው ነበር። ይህ በዓለም ሁሉ ተዛምቶ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ የፈጀ ኢንፍሉዌንዛ በከተማይቱ ብቻ በሺህ የሚቆጠር ሰው ገደለ። ራስ ተፈሪም በጽኑ ታመው ተረፉ። እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ቀን በየደጁ ቆሻሻ ተጠርጎ ሲቃጠልና አገሩ ሲታጠን የሚታየው የዚያ ዘመን መታሰቢያ ነው። ያ በሽታ ከሌላው ይልቅ የመረጠው ሕፃናትንና ሽማግሎችን ብቻ አልነበረም፤ ከሃያ እስከ አርባ ዓመት ያሉትን ጐልማሶችም አጨደ። ሳንባ አንድን ብርቱ ሰው በጥቂት ቀን ውስጥ ሊጥል እንደሚችል የዚያ ትውልድ ወጣቶች ሁሉ በዓይናቸው አይተዋል።

ራስ ተፈሪ ወጣቶችን ወደ ውጭ አገር እየላኩ ማስተማር በጀመሩ ጊዜ መላኩ ከተመረጡት አንዱ ሆኑ። መጀመሪያ ወደ ሕንድ ተላኩ፤ እዚያ ግን ብዙ ሳይቀመጡ እ.ኤ.አ. በ1922 ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። በኦሃዮ በመስኪንገም ኮሌጅ ተምረው በ1928 እ.ኤ.አ. ተመረቁ፤ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከቆዩ በኋላም ወደ ዋሺንግተን ሄደው በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ገቡ። ይህ ምርጫ የአጋጣሚ ነገር አልነበረም። ሃዋርድ የጥቁር አሜሪካውያን ሐኪሞች ማፍለቂያ ነበር፤ መላኩም በነጮች ኮሌጅ ያሳለፉት ጊዜ የቆዳ ቀለም በዚያ አገር ምን ማለት እንደ ሆነ አስተምሯቸው ነበር። አገር ቤት ከአንድ ታላቅ ባለሥልጣን ልጅ ጋር የነበራቸውን እጮኝነት አፍርሰው በ1931 እ.ኤ.አ. ዶሮቲ ሃድሊ የተባለችውን ጥቁር አሜሪካዊት ያገቡትም በዚሁ መንፈስ ነበር። ቤተ መንግሥቱን እንዲህ ባለ ጉዳይ ማስቀየም ቀላል ድፍረት አይደለም። ንጉሠ ነገሥቱ ግን አልራቋቸውም፤ ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎችን፣ ሐኪሞችንና መሐንዲሶችን ወደ ኢትዮጵያ እንዲጋብዙ አደራ የሰጡት ለእርሳቸው ነበር። በኋላ በኢትዮጵያ አየር ኃይል ታሪክ ስሙ የሚጠራው አብራሪው ጆን ሮቢንሰን የመጣውም በመላኩ አማካይነት ነው።

እዚህ ላይ በዚያው አገር፣ በዚያው ዘመን ይካሄድ ስለ ነበረ አንድ ምርምር ማንሳት ያስፈልጋል። መላኩ ወደ አሜሪካ ከመሄዳቸው ከአምስት ዓመት በፊት፣ በ1917 እ.ኤ.አ.፣ አልፍሬድ ሄስ የተባለው የኒው ዮርክ የሕፃናት ሐኪም ከባልደረባው ከአንገር ጋር ሆኖ በማንሐታን ኮሎምበስ ሂል በሚባለው፣ ጥቁሮች ተጨናንቀው በሚኖሩበት ሰፈር ጥናት አደረገ። በሰፈሩ ከሞላ ጎደል ሕፃናቱ ሁሉ ሪኬትስ የሚባለው የአጥንት መለስለስ በሽታ ነበረባቸው። ሄስ ለወራት የዓሣ ጉበት ዘይት ሲሰጣቸው አብዛኞቹ ከበሽታው ተጠበቁ፤ ዘይቱን ካላገኙት ግን የዳነ አልነበረም ማለት ይቻላል። ከሁለት ዓመት በኋላ ኸልትሺንስኪ በርሊን ውስጥ ያንኑ በሽታ በአልትራቫዮሌት መብራት አዳነ፤ በለንደን ሜላንቢ ምግብ ላይ የተመሠረተ መንስኤውን በውሾች አሳየ። በ1922፣ መላኩ አሜሪካ በገቡበት ዓመት፣ ማኮለም የዘይቱን ምስጢር ቪታሚን ዲ ብሎ ሰየመው። ሄስ ራሱ ጨረር ያገኘ ምግብ ሪኬትስን እንደሚከላከል ካሳዩት ተመራማሪዎች አንዱ ሆነ። ስለዚህ መላኩ በሃዋርድ የሕፃናት ሕክምና በተማሩባቸው ዓመታት፣ የጥቁር ሕፃን አጥንት በሰሜን ከተሞች ለምን እንደሚጎብጥ መልሱ ታውቆ ነበር፤ መልሱም የዘር ድክመት ሳይሆን የፀሐይ ማነስ ነበር። በዚያን ጊዜ ብዙዎች ይህንን በሽታ ከጥቁር ሕዝብ ተፈጥሮ ጋር ያያይዙት ነበርና ነገሩ ከሕክምና የሰፋ ትርጉም ነበረው።

መላኩ ትምህርታቸውን ፈጽመው በ1935 እ.ኤ.አ. ከባለቤታቸውና ከሕፃን ልጃቸው ጋር አገራቸው ገቡ። በአዲስ አበባ በአሜሪካኖች ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ። ነገር ግን የሙሶሊኒ ጦር ድንበር ላይ ተሰልፎ ነበር፤ ሐኪሙም ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ኦጋዴን ግንባር ሄደው ቁስለኛና በሽተኛ ያክሙ ጀመር። የኦጋዴን ጦር ሕክምና ምን እንደሚመስል ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም፤ ሐኪም ጥቂት፣ መድኃኒት ከዚያም ያነሰ፣ ቁስለኛ ግን የትየለሌ ነበር። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ስደት ሲሄዱ መላኩም ተከተሏቸው። ሐኪምነታቸው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሁለተኛ ሥራ ሆነ፤ አስተርጓሚ፣ ጸሐፊ፣ አማካሪም ነበሩ።

የጥቁር አሜሪካውያን ማኅበራት ለኢትዮጵያ የሚሰበሰበውን እርዳታ የሚያስተባብር የታመነ ሰው እንዲላክላቸው ወደ ለንደን መልእክተኞች ሰደው በጠየቁ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ከመላኩ የተሻለ ሰው አላገኙም። በ1936 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ከቤተሰባቸው ጋር ኒው ዮርክ ገቡ። በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ የኢትዮጵያ ድምፅ የተባለውን ጋዜጣ ማሳተም ጀመሩ፤ ነሐሴ 19 ቀን 1929 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ የዓለም ፌዴሬሽን የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። ፌዴሬሽኑ በአሜሪካ ከተሞችና በካሪቢያን ደሴቶች ቅርንጫፎች አወጣ፤ ከነፃነት በኋላ በሻሸመኔ የተሰጠው መሬት ለጥቁር ሕዝብ የደረሰውም በዚሁ ማኅበር በኩል ነው። ማኅበሩ በተመሠረተ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ በመስከረም 1930 ዓ.ም.፣ በተወለዱበት ጠቅላይ ግዛት ሰሜን ጫፍ በዋግ፣ የዋግሹም ከበደ ልጅ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በጠላት ላይ ሸፍተው ሲዋጉ ተገደሉ፤ ጣሊያኖች አንገታቸውን ቆርጠው ለሕዝብ መቀጣጫ አደረጉት። አንዱ በሰቆጣ ተራሮች በጠመንጃ፣ ሌላው በሃርለም ጎዳናዎች በቃል፣ ሁለቱም አንድን ጠላት ይዋጉ ነበር።

የመላኩ ሥራ የቢሮ ሥራ አልነበረም። ፌዴሬሽኑ ሀብታም ደጋፊ አልነበረውም፤ ገንዘቡ የሚመጣው ከሠራተኞች፣ ከቤት ሠራተኞች፣ ከየአብያተ ክርስቲያናቱ ምእመናን ጥቂት ሳንቲሞች ነበር። ያንን ለማግኘት ደግሞ ከቤት ወደ ቤት መዞር፣ ደረጃ መውጣትና መውረድ፣ ሌሊት በስብሰባ ማምሸት ያስፈልጋል። ሐኪሙ ለዓመታት ያለ ዕረፍት ይህንን አደረጉ። በዚያ ላይ አገራቸው በጠላት እጅ ነበረች፤ የአገር ቤት ወሬ እየተቆራረጠ ይደርሳል፤ በማኅበሩ ውስጥም ጭቅጭቅ አልጠፋም። የ1940 እ.ኤ.አ. ብርድና ወጨፎ ሳያቆማቸው ለኢትዮጵያ ከደጅ ወደ ደጅ ሲለምኑ የሳንባ ምች ያዛቸው፤ ከዚያም አልተነሡም።

በዚያን ዓመት ለሳንባ ምች የነበረው መድኃኒት ጥቂት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የወጣው ሰልፋፒሪዲን ብዙ ሕይወት ማትረፍ ጀምሮ ነበር፤ ፔኒሲሊን ግን ለሕዝብ ጥቅም የዋለው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ከዚህ ሌላ የሐኪሙ ሥራ ኦክስጅን መስጠት፣ ማስታመምና መጠበቅ ነበር። ሳንባ ምች የሚባለው ደግሞ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ ጉንፋን ወይም ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ መንገዱን ጠርጎለት በኋላ ባክቴሪያ የሚገባበት በሽታ ነው። በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የጎዳው ይኸው ቅደም ተከተል ነበር።

አሁን ወደ ወሎ ፀሐይ መመለስ ይቻላል። ኒው ዮርክ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ41 ዲግሪ ገደማ ትገኛለች። በዚህ ኬክሮስ አካባቢ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ስለምትወጣ ቪታሚን ዲ የሚሠራው ጨረር ከምድር ሳይደርስ አየሩ ውጦት ያስቀረዋል፤ ነጭ ቆዳም ቢሆን ከቁም ነገር የሚቆጠር አይሠራም። ጥቁር ቆዳ ደግሞ በበጋ እንኳ ከነጩ ብዙ እጥፍ የሆነ ጊዜ ይፈልጋል። ለደጋው ፀሐይ የተበጀ ሰው አብዛኛውን ቀን ቤት ውስጥ ወይም በወፍራም ካፖርት ተሸፍኖ ሲኖር፣ በጸደይ መግቢያ ላይ ክምችቱ ከዓመቱ ሁሉ ዝቅተኛ ይሆናል። የመላኩ ሕመም የገባው በዚሁ ወራት ነው። በደም ውስጥ ያለውን የቪታሚን ዲ መጠን የሚያሳየው ውሁድ የታወቀው በ1968 እ.ኤ.አ.፣ መለኪያውም የተገኘው ከዚያ ወዲህ ስለ ሆነ፣ በ1940 ማንም ሐኪም ሊለካው አይችልም ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዕውቀት ግን ጥያቄውን ችላ ለማለት አያስችልም። ሆፕ ሲምፕሰን የተባለው እንግሊዛዊ የገጠር ሐኪም የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ከፀሐይ ወቅት ጋር እየተከተለ ሰሜንና ደቡብ እንደሚመላለስ በ1981 እ.ኤ.አ. አመለከተ። በ2006 ደግሞ የሎስ አንጀለስ ተመራማሪዎች፣ የሰውነት ነጭ ሕዋሳት ተሕዋስያንን ሲያገኙ ካቴሊሲዲን የተባለውን ገዳይ ፕሮቲን ለማምረት ቪታሚን ዲ እንደሚያስፈልጋቸው አሳዩ፤ ቪታሚኑ ዝቅተኛ በሆነባቸው ጥቁር አሜሪካውያን ደም ውስጥ ሕዋሳቱ ይህንን ፕሮቲን በበቂ አላመረቱም፤ ቪታሚኑ ሲጨመርበት ግን አመረቱ። ሄስ በኮሎምበስ ሂል የጀመረው ነገር ከዘጠና ዓመት በኋላ ከአጥንት አልፎ ሳንባ ደረሰ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ በዚህ ነገር ላይ መቸኮል ተገቢ አይደለም። በጃፓን ተማሪ ቤቶች በተደረገና በ2010 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ቪታሚኑን የወሰዱት ልጆች ኢንፍሉዌንዛ ኤ ያነሰ ያዛቸው። በ2017 የወጣ፣ 25 ጥናቶችን ያጠቃለለ ምርመራ በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ በጥቂት በጥቂቱ ሲሰጥ ጥቂት እንደሚከላከል፣ ከሁሉ የሚጠቀሙትም ክምችታቸው እጅግ ያነሰ ሰዎች እንደ ሆኑ ገለጠ። በ2025 ተጨማሪ ጥናቶች ሲታከሉበት ግን ያ ጥቅም እየሳሳ ከእርግጠኛነት ወለል በታች ወረደ። በኮቪድ ዘመንም ክምችታቸው ያነሰ ሕመምተኞች ብዙ ጊዜ በጽኑ ሲታመሙ ታዩ፤ ሆኖም በብራዚል በሆስፒታል ለተኙ በሽተኞች አንድ ትልቅ መጠን ቢሰጣቸውም የመዳን ጊዜያቸውን አላፋጠነም። የታመመ ሰው ክምችቱ በሕመሙም ምክንያት ሊወርድ ይችላል፤ ደካማ፣ ድኻና ከቤት የማይወጣ ሰው ሁለቱም ያገኙታል። እንግዲህ መላኩ በቪታሚን ማነስ ሞቱ ብሎ መጻፍ ከሳይንስ ይልቅ ለተረት ይቀርባል። ድካም፣ ኀዘን፣ ብርድና ባክቴሪያ ሰውን ለመግደል ሌላ ረዳት አያሻቸውም። ለማለት የሚቻለው፣ ከደጋ ፀሐይ የተነጠለ ጥቁር ሰው በሰሜን ክረምት ሳንባውን የሚጠብቅበት አንድ መሣሪያ ሊጎድለው እንደሚችል ነው።

ግራ የሚያጋባው ግን ይኸው ጉድለት ፀሐይ በሞላበት አገራችንም መገኘቱ ነው። ሉሉ ሙሄና የሥራ ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባ በኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ያደረጉትና በ1989 ዓ.ም. ላንሴት በተባለው መጽሔት የወጣው ጥናት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆነ፣ ሳንባ ምች ያለባቸውን 500 ሕፃናት ከሌሎች 500 ጋር አነጻጸረ። ከታመሙት 210ሩ፣ ከሌሎቹ ግን 20ዎቹ ብቻ ሪኬትስ ነበረባቸው። ሌላ ሌላው ምክንያት ሁሉ ከተቀነሰ በኋላ እንኳ ሪኬትስ ያለበት ሕፃን በሳንባ ምች የመያዝ ዕድሉ ከ13 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። መንገዱም ሁለት ነው፤ አንደኛው ለሕዋሳት መከላከያ የሚያስፈልገው ቪታሚን መጉደሉ፣ ሁለተኛው የለሰለሰ የጎድን አጥንት ደረትን በሚገባ ሊያሰፋ አለመቻሉ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. በአዳማ አካባቢ በተማሪዎች ላይ የወጣ ጥናት ደግሞ ከአሥሩ አራቱ ያህል የቪታሚን ዲ እጥረት እንዳለባቸው አሳየ፤ የከተማዎቹ እጥረት ከገጠሮቹ ሦስት እጥፍ ያህል ነበር።

ምክንያቱን ከቋንቋችን ውስጥ መፈለግ ይቻላል። በአማርኛ ፀሐይ የመታው ሰው ምች መታው ይባላል፤ መድኃኒቱም ዳማ ከሴ ነው። የሳንባውንም በሽታ ምች እንለዋለን። እናት ልጇን ከምች፣ ከሰው ዓይንና ከብርድ ለመጠበቅ ስትል ወራት ሙሉ በጨርቅ ጠቅልላ በጨለማ ጎጆ ታኖረዋለች፤ ፊቱን እንኳ ትሸፍነዋለች። ለብርድ በተጋለጠው የሰሜን ደጋ፣ ሌሊቱ አጥንት ሰብሮ በሚገባበት አገር፣ የሽፋኑ ምክንያት በቀላሉ የሚነቀፍ አይደለም። ሕፃኑ ግን ከአንዱ ምች ሲሸሽ ለሌላው ይጋለጣል። ፀሐይ አሙቁ የሚለው ምክርም አፈጻጸሙ ይወስነዋል፤ በመስኮት መስታወት በኩል የሚገባ ብርሃን ሙቀት እንጂ ቪታሚን አይሰጥም፤ ገና ከተራራ ሥር ብቅ ያለ ጀንበርም ጨረሯ ደካማ ነው። ክንዱና እግሩ ተገልጦ፣ ፀሐይዋ ከፍ ስትል፣ ጥቂት ደቂቃ ከደጅ መዋሉ ነው የሚጠቅመው።

ሳል ይዞት ወደ ሰቆጣም ሆነ ወደ ሌላ ደጋ ጤና ጣቢያ የሚመጣ ሕፃን ትንፋሹ በደቂቃ ይቈጠራል፤ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ላለው 50፣ ከዚያ በላይ እስከ አምስት ዓመት ላለው 40 ሲደርስ ሳንባ ምች ነው ይባላል። ቁጥሩ ከተያዘ በኋላ የእጁን አንጓ መዳሰስና የጎድን አጥንቶቹን መጋጠሚያ በጣት መከተል አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እዚያ ላይ እብጠት ከተገኘ፣ እናቲቱ ሕፃኑን በቀን ስንት ጊዜ ከቤት ታወጣው እንደ ነበረ ሊጠየቅ ይገባል። አንቲባዮቲኩ በዚያው ይሰጣል፤ ቪታሚን ዲም ይታከልበታል።

መላኩ የመሠረቱት ፌዴሬሽን ከእርሳቸው በኋላም ሥራውን ቀጠለ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ፣ አሥራ ሦስት ዓመት ያህል በአሜሪካ ተምረው ከጦርነቱ በፊት ለጥቂት ወራት ብቻ በሆስፒታል ያገለገሉት ሐኪም አብረው ሊመለሱ አልቻሉም። በዚያን ጊዜ በነፃይቱ ኢትዮጵያ የነበሩት ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ።